ድልድዩን ያስረከበው መስፍን

ይድረስ ለእህት ዓለሜ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

ንጉሥና የጦር አዛዥ እየሆንን የምንጫወተውን የቅዳሜ ጨዋታ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የምመራው እኔ ነኝ። ባልሽም አይቀርም። እሱ የሚጫወተው መስፍን ድልድዩን ሊጠብቅ ምሎ አልነበር? ባለፈው የጠላት ንግሥት ሆና ለምትጫወተው ለሰፈራችን ፋርማሲስት፣ ያለ አንድ ቀስት አስረከባት።

እኔም አንቺ እንዳስለመድሽን ጣጣውን አስከተልኩበት። ገበሬው እህል ከለከለው፣ ግማሽ ጦሩ ጥሎት ሄደ፣ ጎረቤት መሳፍንት መልእክተኛውን ከበር መለሱት።

«ጨዋታ እኮ ነው፤ ምን አካበድከው?» አለኝ።

«መሐላ ያፈረሰን ሰው ማን ያምናል?» ስለው ፋርማሲስቷ አንገቷን ደፋች።

ያንቺን ወንበር ማንም እንዳይነካው ብዬ ነበር። አሁን እሷ ትቀመጥበታለች፤ ስቦ የሚሰጣት እሱ ነው። ስንጨርስም እስከ ቤቷ ይሸኛታል፣ መቼም ሰው አክባሪ ነው። ተመችቶታል፣ አዲስ ሸሚዝ ገዝቷል። እማዬ ብቻ «ይሄ ሰውዬ ሽቶ አበዛ፣ አስነጠሰኝ» ትላለች።

እሷም ጉንጭሽን ትስማለች። የምትመጪበትን ቀን ስትቆርጪ ግን ለእኔ ብቻ ጻፊልኝ።

ከቦታው ያልተነቃነቀው ታናሽ ወንድምሽ