ማተብ የታሰረላት ቅርንጫፍ

...አባባ ቢላዋውን በኮቱ ጫፍ ጠርጎ ጎንበስ አለ። ከጽጌረዳው አንዷን ቅርንጫፍ ይዞ፣ ቅጠል ከምታወጣበት ዓይኗ ዝቅ ብለሽ ነው የምትቆርጫት፣ ሰያፍ አድርገሽ፣ እያለ ሲያሳይሽ እኔ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ከዚያ ውሻው ጮኸ። ከዚያ በኋላ ያለውን ብዙ ጊዜ ጀምሬዋለሁ፤ ጨርሼው አላውቅም።

ይቅር በይኝ እትዬ ሰርኬ፣ ሰላምታውን ያስቀደምኩ መስሎኝ ነበር። እንዴት ነሽ? እንዴት ከረምሽልን? ጤናሽስ? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ሆስፒታሉስ፣ ቁጭ ብለሽ ምሳ የምትበዪበት ጊዜ ይሰጥሻል? ጋሼ ግዛቸው ደህና ነው? ልጃችሁ የዓለምወርቅ ጥርስ አወጣች? እኛ ደህና ነን። እማዬ ጾሙን ያዝልቀኝ ብላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትቆያለች። ሬዲዮው ስለ እናንተ አገር ጦርነት ማውራት ሲጀምር ድምፁን ትቀንሳለች እንጂ አትዘጋውም። ከኅዳር ወዲህ ደብዳቤሽ አልደረሰንም። መንገዱ ነው እንላለን። ይህን ከሰኞ ጀምሬ ነው የምጽፍልሽ፤ እየተነሳሁ፣ እየተቀመጥኩ።

ቀበሌው ግቢያችንን ለመሰብሰቢያ አዳራሽ ፈልጎታል። የነገሩን በጥር መጨረሻ ነው። በምትኩ ወደ ዊንጌት መውረጃ ሁለት ክፍል ሰጥተውናል። ክፉ ቤት አይደለም፣ ጣሪያው አያፈስም። ግቢው ግን ከዳር እስከ ዳር ሲሚንቶ ነው፤ ጣት የሚያስገባ አፈር የለውም። የአባባን ጽጌረዳ ነቅለን ልንወስድ ሁለት ቀን ቆፈርን። ግንዱ ክንዴን ያህላል፣ ሥሩ ከአጥሩ ድንጋይ በታች ገብቷል። ተውነው። ሐሙስ ስንወጣ ዓርብ ይቆርጡታል።

ለሌላ ሰው ብነግረው አንድ ቁጥቋጦ ነው ይለኛል። አባባ ውሻው የጮኸ ዕለት ከመጡት ሰዎች ጋር ከሄደ አሥር ዓመቱ ነው፤ ሄደ እላለሁ፣ ሌላውን ቃል ደብዳቤ ላይ አላሰፍርም። መቃብር የለው። እማዬ ተዝካሩን አላወጣችም፤ ሙት ዓመቱን የሚያነሳባት ካለ፣ ማን ሞተና ብላ ትጣላለች። ጠዋት ጠዋት ሄዳ የምትቆመው ያቺ ጽጌረዳ ሥር ነው። በሩም አንቺ እንደምታውቂው ነው፣ ቀንም ሌሊትም ገርበብ ብሎ ያድራል። ባለፈው ዓመት ሌባ ገብቶ ብረት ድስቷን ሲወስድባት እንኳ አልቆለፈችም። ቁልፉን ሳይዝ ነው የወጣው፣ ትላለች።

እናም በኅዳሩ ደብዳቤሽ የሣልሽልኝን አወጣሁት፤ አብሮሽ የሚሠራው ሐኪም ያለ አፈር ቲማቲም የሚያበቅልበትን ጠረጴዛ። ለእኔ ስትልኪው ለጨዋታ ነበር። ከሳጥን እንጨት ጥልቀቱ አንድ ስንዝር የሆነ ገበታ ሠራሁ፣ አራት እግር አበጀሁለት፣ ውስጡን ላስቲክ አለበስኩት። ከእንጦጦ ከሚወርደው ወንዝ ጠጠር ለቅሜ ሦስት ጊዜ አጥቤ ሞላሁት። ከገበታው ሥር ቀዳዳ በስቼ ቱቦ አስገባሁ፤ የቱቦው ሌላ ጫፍ ከአንድ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ሥር ገባ። የሰፈራችን ጎሚስታ ማስቲሽ ሰጥቶኝ ዙሪያውን ደፈንኩት። ውሃ የሞላውን ቆርቆሮ ከገበታው በላይ ከፍ ሲያደርጉት ውሃው ጠጠሩን ያጥለቀልቃል፤ ወደ መሬት ሲያወርዱት ተመልሶ ወደ ቆርቆሮው ይገባል። ሥሩ ይጠጣል፣ ከዚያ ይተነፍሳል። በቃ ይኸው ነው። የካቲት 1 ቀን ከጽጌረዳው አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ ቆርጬ ተከልኩ፣ ከዓይን ዝቅ ብዬ፣ ሰያፍ አድርጌ።

በቀን ሦስት ጊዜ ያን ቆርቆሮ በክንዴ ሳነሳ ጋሽ ወልዱ በአጥሩ ያየኝ ነበር። ጎረቤታችን ሸማኔው። አንድ ቀን ሥራውን ትቶ መጣና፣ አንተ ልጅ፣ እጅህን ምን አደከመህ፣ እግር የተሰጠህ ለቀበሌ ስብሰባ መሄጃ ብቻ መሰለህ? አለኝ። ከእቃው ትርፍ መዘውር አምጥቶ ከማገሩ ላይ ሰቀለ፣ ገመድ አሳለፈ፣ እሱ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚረግጠው ያለ መርገጫ አበጀ። አሁን ቁጭ ብለሽ በእግርሽ ትረግጫለሽ፣ ቆርቆሮው ይነሳል። ቀን እኔ ሥራ ስሆን የምትረግጠው እማዬ ናት። አሥር ደቂቃ በቂ ነው ብዬ ሰዓቴን ልተውላት ስል፣ የምን ሰዓት አለችኝ። የቀኑን ውዳሴ ማርያም እስክትጨርስ ትረግጣለች። ረዘም ያለው ቀን ላይ ጠጠሩ ትንሽ ሰጥሞ ይቆያል።

የቀበሌው ሰው ዕቃችንን ሊመዘግብ መጥቶ ገበታውንና ቱቦውን ሲያይ ቆመ። ጓድ ስብሐት፣ አረቄ ነው እንዴ የምታወጡት? አለኝ። እማዬ ከእኔ ቀድማ፣ በጾም? በእኔ ቤት? ብላ ጮኸችበት። ጎንበስ ብሎ ቱቦውን አሸተተ። ከዚያ ሳቀና ወረቀቱ ላይ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ብሎ ጻፈ። ሲወጣ በሩን ገርበብ አድርጎ ተወው፤ እንዴት እንዳወቀ አላውቅም።

አሁን የምነግርሽ የእኔን ጥፋት ነው። ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ። በአሥረኛው ጠዋት አንዷን ከጠጠሩ መዝዤ አየሁ። ጫፏ ላይ ጨው የመሰለ ነጭ ነገር ጀምሮ ነበር፤ ሥር አልነበረም። መለስኳት። በማግስቱ ሌላዋን። ከሥራ ስመለስ ኮቴን ሳላወልቅ ሌላዋን። ያወጣኋት ሁሉ በሳምንቷ ጫፏ እየጠቆረ መጣ። እንደማጠፋ እያወቅሁ እጄ አያርፍም ነበር። እማዬ አየችኝ። እኔ አንተን ዘጠኝ ወር ስሸከም በየቀኑ ሆዴን ከፍቶ ያየ ሰው አልነበረም፣ አለችኝ። ሳቅሁ። በማግስቱ ሌላ መዘዝኩ።

አሥራ አንዱ ጠቆሩ።

አሥራ ሁለተኛዋን ልይዝ ጎንበስ ስል አንገቷ ላይ ጥቁር ክር ታስሯል። ማተብ ነው። ጋሽ ወልዱን ክር ጠይቃው፣ ፈትላ፣ እማዬ ናት ያሰረችላት። ክርስትና ተነሥታለች፣ እጅህን አንሳ፣ አለችኝ። አልቀለደችም። ለሰው የሚታሰረውን ለእንጨት ማሰር ኃጢአት እንደሆነ ከእኔ በላይ ታውቃለች፤ ለንስሐ አባቷ እንኳ የነገረች አይመስለኝም። ያቺን አልነካኋትም። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቷ። ባለፈው እሑድ ከማተቡ በላይ ያለችው ዓይን ፈንድታ ቀይ ቅጠል አወጣች። ጋሽ ወልዱ፣ ቅጠል ካለ ሥር አለ፣ ይላል። እኔ ግን አባባ ለአንቺ ሲነግርሽ ሰምቻለሁ፤ ቅርንጫፍ ሥር ሳታወጣም ባላት ጉልበት ቅጠል ታወጣለች፣ በኋላ ትደርቃለች ብሎሽ ነበር። ታስታውሻለሽ? የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ጊዜ ብመዝዛት ነው።

ለአንቺም በየሳምንቱ የምጽፈው እንደዚሁ ይመስለኛል። አለሽ ወይ ብዬ እየመዘዝኩ የማይሽ። አሁን አስተዋልኩት። ሌላ ጊዜ ዝም ብዬ እንድጠብቅ እሞክራለሁ፤ አንቺ ግን ሁለት መስመር ጻፊልን፣ ለእማዬ ስትዪ።

ጋሼ ግዛቸውን በጣም አድርገሽ ሰላም በይልኝ። የዓለምወርቅን ሁለቱንም ጉንጭ ሳሚልኝ፣ አጎትሽ ነው በያት። እማዬ ጉንጭሽን እስማለሁ ትላለች፤ የእኔን ልጅ ጉንጭ መሳም አማረኝ ብላ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ አታልቅሺ በላት አለችኝ። ጋሽ ወልዱ፣ አንቺ ስትመጪ የሚሰጥሽ ነጠላ ጥለቱ ብቻ ቀረው ብሏል። እኔም ወንድምሽ በናፍቆት።

ስብሐት
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ
ሐሙስ፣ መጋቢት 15 ቀን 1980 ዓ.ም.

ፖስታውን ሳላሽገው ነው። ዕቃው ተጭኖ አልቋል፣ የምጽፍልሽ ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ነው። ጋሽ ወልዱ ገበታውን ከነጠጠሩ እኔ እይዛለሁ ብሎ ውሃውን አጎደለና ራሱ ላይ ተሸከመው፤ አንዷ ቅርንጫፍ ከነማተቧ ከላዩ ትወዛወዛለች። ሲያነሳው ጠጠሩ ትንሽ ተንሸራተተ፣ ሥሯ ይታይ እንደሆነ ዓይኔ ሄደ። ፊቴን አዞርኩ። እማዬ ጽጌረዳው ጋ ቆይታ መጣች። ባዶውን ቤት ጠርጋ መጥረጊያውን ከግድግዳው ጋር አቆመችው። ወጣች፤ በሩን ይዛ ትንሽ ቆመች። መንገዱን አላየችም፣ እኔንም አላየችም። ከዚያ ሳበችውና ዘጋችው።