መንገዱ እንዴት ነበር?

ሐሙስ፣ ግንቦት 9፣ ጠዋት

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትክልኝ? እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ። አባትህ ግን ደኅና አይደለም። የሐሞት ከረጢቱ ጠጠር ሞልቶታል፤ ቶሎ ካልወጣ ለሕይወቱ ያሰጋል ተብለናል። ለሰኞ ቀጠሮ ተይዞለት ነበር፤ እሱ ግን እምቢ አለ። በስልክ እንዳልነግርህ ጆሮው ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። ወረቀቱን ነገ ወደ እናንተ ከተማ የምትመለሰው የጎረቤታችን የአናጢው ልጅ ታደርስልሃለች።

የአባትህን ፈተና መቼም ታውቀዋለህ፤ ወድቀህበታልና። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ያ ደጃችን ያለው የተቆፈረ መንገድ የሰው መለኪያው ሆኗል። እንግዳ ገና ሳይቀመጥ፣ "መንገዱ እንዴት ነበር?" ይለዋል። "ቆፍረው ጥለውት ሄዱ" ያለ የእኛ ሰው ነው፤ ሻይ ይቀዳለታል። "እየተሠራ ነው" ያለ የእነሱ፣ የመንግሥት ሰው ነው። የካርታ ጓደኛው አናጢው እንኳ "መንገድ መቼም መንገድ ነው" ብሎ ሊያመልጥ ቢሞክር፣ "በሁለት ቢላዋ የሚበላ!" ተባለ። ከዚያ ወዲህ አባትህ ካርታውን ብቻውን ሲበውዝ ይውላል።

ማክሰኞ ሆስፒታል ሄድን። ቀዶ ጥገናውን የሚሠራለት ሐኪም ዘግይቶ ገባ። ወጣት ነው፤ ትሕትናው ደስ ይላል።

"ይቅርታ አባባ፣ መንገዱ እየተሠራ ስለሆነ ነው" አለ።

አባትህ ሸሚዙን ከፍቶ ተጋድሞ ነበር። ተነሣና ቁልፎቹን መቆለፍ ጀመረ።

"ምነው አባባ?"

"ተሽሎኛል።"

ታክሲ ውስጥ ሆዱን ይዞ እያቃሰተ፣ "የእነሱ ሰው ነው፤ በእሱ ቢላዋ ሥር አልተኛም" አለኝ።

"አንተ ሰውዬ፣ የሚያወጣልህ ጠጠርህን እንጂ ሐሳብህን አይደለም!"

"አንቺ ደግሞ ታሾፊያለሽ" ብሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሌላ ሐኪም ብንጠይቅ ወረፋው ወራት ይፈጃል አሉን።

ደክሞኛል ልጄ። ሰው በመጣ ቁጥር ምን ይል ይሆን እያልኩ መሳቀቅ ደክሞኛል። አንተና እሱ ከተኳረፋችሁ ወዲህ ስልክህ ሲጠራ ይዤው ወደ ጓዳ መሮጥም ደክሞኛል። ይህን ወረቀት ያነሣሁት፣ "ደውልለት፤ መንገዱን ከጠየቀህም ተቆፍሮ ቀረ በለውና ሰኞ እንዲሄድ ለምነው" ልልህ ነበር። ስጽፈው ግን ራሴን አስጠላኝ። ለዚህ ነው ያሳደግኩህ?

እኔን ጠይቆኝ አያውቅም። ከገበያ ስገባ፣ "ቆፍረው ጣሉት አይደል?" ይለኛል። ዘንቢሌን አስቀምጬ "እህህ" እላለሁ። ጉልበቴ ነው የሚያስተነፍሰኝ። እሱ ግን፣ "ከዚህ ሁሉ ሰው የምትረጂኝ አንቺ ብቻ ነሽ" ይላል። ሆድ ከአገር ይሰፋል ብዬ ዝም አልኩ። እኔ እኮ የማስበው እንዳንተው ነው፤ አንተ ሳትወለድም ጀምሮ።

ዛሬ ቁርሱን ሲጨርስ እነግረዋለሁ። "ሸሚዝህን የምተኩስልህ፣ መድኃኒትህን የማስውጥህ፣ ጎንህ የምተኛው እኔ ከእነሱ ነኝ። እኔ ካልገደልኩህ ሐኪሙም አይገድልህም" እለዋለሁ። ከሰማኝ ሰኞ እንሄዳለን። እኔንም ካኮረፈኝ ግን በዚህ ቤት የሚያናግረው ሰው አይኖርም። ያን ጊዜ እባክህ አንተ ደውልለት፤ መንገዱን ተወውና እንዴት አደርክ በለው።

ከክፉ ይሰውርህ፤ የጀመርከው ይቃናልህ፤ ሰው አይንሳህ።

እየተጣራ ነው፤ ልሂድ።

እናትህ