ለአንድ ሰዓት ብቻ ጥበቃውን አጥፉ ላሉን ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የንግግር መርጃ ጽሕፈት ቤት ዋና ዳይሬክተር፤

ትናንት ከሰዓት በኋላ የባለቤቴ የንግግር ፕሮግራም ፈቃዱ ስላለቀ ተዘጋ።

ከዚህ ቀጥሎ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና መላው ባልደረቦችዎ በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ያለኝን ጽኑ ተስፋ እገልጻለሁ። በተለይ ጉሮሮዎ ደህና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ ጉሮሮውን የታመመ ሰው በመጨረሻ የሚላከው ወደ እርስዎ መሥሪያ ቤት ነውና።

ባለቤቴን በመልክ ባያውቋት በድምፅ ሳያውቋት አይቀሩም። ጡረታ እስክትወጣ ድረስ በአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ የሚነሳውን መኪና፣ የሚዘገየውን መኪና፣ ልጅ የጠፋባትን እናትና ሻንጣ የረሳውን መንገደኛ ስትጣራ የኖረች ሴት ናት። ጉሮሮዋ ላይ ዕጢ ተገኝቶ ቀዶ ጥገና ሲወሰንባት፣ ድምፅዋ ከመሄዱ በፊት እንዲቀዳ የመከሩን ባልደረቦችዎ ናቸው፤ ለዚህ ምክር ያለ አንዳች ፌዝ አመሰግናለሁ። የመኝታ ቤቱን መስኮት በብርድ ልብስ ጋርደን፣ ፍሪጁን ነቅለን፣ የሰጣችሁንን ዓረፍተ ነገር ሁሉ አነበበች። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ልትናገር የፈለገችውን ትጽፋለች፤ የምግብ ጠረጴዛው ጥግ ላይ የተቀመጠው የቤታችን ኮምፒውተር በገዛ ድምፅዋ ይናገርላታል። ጽሕፈት ቤቱ የሰው ድምፅ በአደራ ስለማያስቀምጥ፣ ያ ድምፅ ያለው እዚያው ኮምፒውተር ውስጥ ነው። ለሌላው ሰው ዕቃ ነው፤ ለእኛ የባለቤቴ ጉሮሮ ነው።

ይህን ካስረዳሁ ምስጋናዬን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ። ፈቃዱ በየዓመቱ ይታደሳል፤ የማደሻው ፕሮግራም ደግሞ ከጸረ ቫይረስ ጋር አይስማማም። ስለዚህ ባለፈው ዓመት ተጠቃሚዎች ሁሉ በዕድሳቱ ዕለት ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ጸረ ቫይረሳቸውን እንዲያጠፉ በድረ ገጻችሁ፣ በበራችሁ ላይና በሬዲዮ አስነገራችሁ። ዘበኛው ምሳ የሚሄድበትን ሰዓት ለሰፈሩ ሁሉ ማሳወቅ ለነዋሪው የሚጠቅም መረጃ መሆኑን አልክድም፤ ሌባም የሰፈሩ ነዋሪ ነው። በተባለው ዕለት በተባለው ሰዓት የእናንተን አርማ የያዘ ኢሜይል ደረሰን፤ ማደሻው ከዚህ ጋር ተያይዟል ይላል። ከፈትነው። ከእናንተ አልነበረም። ሰዓቱ ሳይሞላ የድምፅ ፋይሎቹ አንድ በአንድ ተቆለፉ፤ መክፈቻውን ከፈለጋችሁ ገንዘብ ላኩ የሚል ጽሑፍም መጣ። ጸረ ቫይረሱ በትእዛዛችሁ ተኝቶ ነበር።

የተረፈው የባለቤቴ ታናሽ እህት ቀደም ብላ ገልብጣ ያስቀመጠችው ግማሽ ብቻ ነው። ከዚያ ግማሽ ድምፁን እንደገና ስትሠሩልን፣ «ለአንድ ጊዜ ብቻ፣ በልዩ ፈቃድ» ብላችሁ ጽፋችሁልናል። ፕሮግራማችሁ የጎደለውን ቃል አብሮት በመጣ የሌላ ሴት ድምፅ ይሞላል። በመሆኑም ባለቤቴ ስትቆጣኝ ቁጣውን እሷ ትጀምረዋለች፤ የማላውቃት ሴት ትጨርሰዋለች። «በስተርጅና ጣውንት መጣችብኝ» ብላ ጽፋ እኛኑ አሳቀችን። የልጆቻችን ስም ግን ከጠፋው ግማሽ ውስጥ ነበር። ትልቋ ልጃችን ስትደውል በስሟ የምትጠራት ያቺ ሴት ናት። ልጃችን እስካሁን አልለመደችውም። ለአቤቱታችን የሰጣችሁት መልስ አንድ መስመር ነበር፤ ተጠቃሚው ጥንቃቄ ማድረግ ነበረበት የሚል።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄ ስለመከራችሁን አመሰግናለሁ፤ አደረግን። የባለቤቴ እህት የባንክ ኮምፒውተሮችን ደህንነት የምትጠብቅ ሠራተኛ ናት። እንዳስረዳችን ከሆነ ጸረ ቫይረስ የታወቁ ሌቦችን ፎቶግራፍ ይዞ በር ላይ እንደቆመ ሰው ነው፤ ፎቶው ያልደረሰውን አዲስ ሌባ እንደምን አደሩ ብሎ ያስገባል። ስለዚህ ከጎኑ ሌላ ዘበኛ አቆመችለት። ይህኛው ስለ ሌባ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የሚያውቀው እንዲከፈቱ የፈቀድንላቸውን ፕሮግራሞች ዝርዝር ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ የሌለ፣ ደግም ይሁን ክፉ፣ አይከፈትም። የመጀመሪያውንም አላባረረችውም፤ በተፈቀደ ፕሮግራም የሚከፈት ሰነድ ውስጥም ተንኮል ሊኖር ስለሚችል ፈታሽ ያስፈልጋል አለች። በመጀመሪያው ሳምንት ማተሚያችን ሳይቀር ታገደ። ጨዋታው አልከፈት ያለው ታናሹ ልጃችን «አባዬ፣ እዚህ ቤት ለመግባት ቪዛ ያስፈልጋል እንዴ?» ሲለኝ፣ አክስቱ ቀበል አድርጋ «አዎ፣ ያንተም ጊዜያዊ ነው» አለችው። ከዚያ ወዲህ ግን በዚያ በር የገባ ክፉ ነገር የለም።

ሦስተኛ፤ ያልገባ አንድ የታወቀ እንግዳ ግን አለ፤ እሱም የእናንተው ማደሻ ነው። እህቷ ዝርዝሩ ላይ ልታሰፍረው ሦስት ጊዜ ሞከረች። ፕሮግራሙ በወረደ ቁጥር ስሙ ሌላ ነው፣ መጠኑ ሌላ ነው፤ ሲከፈት ደግሞ ስማቸው የማይነበብ ጥቃቅን ፕሮግራሞችን በየጥጉ ይበትናል። የሠሪው ዲጂታል ፊርማ ቢኖረው ኖሮ ስሙ ቢለዋወጥም ዘበኛው በፊርማው ይለየው ነበር። የለውም። ያለ ማኅተም አንዲት ወረቀት ከእጃችን የማይቀበል መሥሪያ ቤት የራሱን ፕሮግራም ያለ ፊርማ ወደ ሰው ቤት መላኩን የትሕትና ምልክት አድርገን ወስደነዋል።

አራተኛ፤ የእርዳታ ክፍላችሁ ስላሳየን ትዕግሥት። ስልኩን ያነሳው ወጣት «አባባ፣ ለአንድ ሰዓት ብቻ ሁለቱንም ያጥፏቸው፤ ምን ይመጣል ብለው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ባለፈው የመጣውን ነገርኩት። ጥቂት አስቦ፣ እንግዲያው ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል የሚቀመጥበትን ማህደር በሙሉ ፍቀዱለት አለኝ። እህቷ ይህን ስትሰማ «ይሄማ በሩን ቆልፎ መስኮቱን መንቀል ነው» አለች። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይሉናል ብለን ብንፈራም፣ የዘንድሮው ማስታወቂያችሁም የሚጠፋበትን ሰዓት እንደ አምናው አስቀድሞ እንደሚያውጅ ስናይ ፍርሃታችን የልጥ አለመሆኑ ገባን።

አምስተኛ፤ ኮምፒውተሩን ተሸክማችሁ ኑ ስላላችሁን። ሄድን። ባለሙያችሁ ከወረፋው ፊት ካለው ሰው ኮምፒውተር ላይ የነቀለውን ፍላሽ በቀጥታ የእኛው ላይ ሰካው፤ ጸረ ቫይረሱ ወዲያው ጮኸ። «እሱ እኮ የቆየ ቫይረስ ነው፤ ምንም አያደርግም» ብሎ አረጋጋን። ኮምፒውተራችንን አቅፈን ተመለስን።

ስድስተኛውን ምስጋና የምገልጽበት ቃል አጥሮኛል። በመመሪያችሁ መሠረት ፈቃዱ አልቆ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካልታደሰ ፕሮግራሙ የተዘጋጀውን ድምፅ ራሱ ይሰርዛል። መመሪያው መፍትሔውንም አስቀምጧል፤ የቆየ ቅጂ ተቀባይነት ስለሌለው ተጠቃሚዋ ዓረፍተ ነገሮቹን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንደ አዲስ ታነባለች። ይህን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው የጽሕፈት ቤቱን ስም አንብቦ እንደሆነ ለማወቅ እጓጓለሁ።

ክቡር ዳይሬክተር፤ ጥበቃውን ብናጠፋ የተረፈውን ግማሽ ለሌባ እንሰጣለን፤ ባናጠፋ እናንተ ትሰርዙታላችሁ። ከትናንት ጀምሮ ባለቤቴ ስትፈልገኝ ብርጭቆ በማንኪያ ታንኳኳለች። በየክፍሉ ሆኜ እጠብቃለሁ፤ ማንኪያው ለረጅም ጊዜ ዝም ሲል ሄጄ አያታለሁ። ዛሬ ጠዋት «አጥፋውና የመጣው ይምጣ፤ ደከመኝ» ብላ ጻፈችልኝ። እጄን ወደ ቁልፉ ዘርግቼ መለስኩት። ነገም እንደምመልሰው እርግጠኛ አይደለሁም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው ከሁለት አንዱን ነው። ማደሻችሁ ላይ የሠሪውን ፊርማ አድርጉበት፤ ወይም ይህ እስኪሆን ድረስ የባለቤቴን ፈቃድ ባለበት አራዝሙልን። የመጀመሪያው ለባለሙያችሁ የአንድ ቀን ሥራ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው ለእርስዎ የአንድ ፊርማ ጉዳይ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየጠየቅሁ፣ በራፍዎ እንዲከበር፣ ቃልዎ እንዲሰማ፣ ሲጣሩ አቤት የሚልዎ ሰው እንዳያጡ ከሙሉ አክብሮት ጋር እየተመኘሁ፣ ትእዛዝዎን አንድ ጊዜ በታማኝነት የፈጸምኩ

የመናኸሪያዋ ተጣሪ ባል

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ አቤቱታችን ለቴክኒክ ኮሚቴው የሚቀርበው ተጠቃሚዋ ራሷ በስልክ በድምፅዋ ስታረጋግጥ ብቻ መሆኑን ጸሐፊዎ በመልካም አቀባበል አስረድተውናል። ባለቤቴ ዛሬ ረፋድ ላይ ደውላ ስልኩን ይዛ ቆየች። ማሽናችሁ «ድምፅዎ አልተሰማም፤ እባክዎ እንደገና ይሞክሩ» አላት፤ ሥርዓት አክባሪ ስለሆነች እንደገና ሞከረች። እኔ በእሷ ፈንታ ማረጋገጥ እችል እንደሆነ ስጠይቅ፣ ጸሐፊዎ ይህንንም የሚወስነው ኮሚቴው ነው አሉኝ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በመጪው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ፕሮግራሙ ድምፁን የሚሰርዘው በማግስቱ ዓርብ ጠዋት ነው።