ኮር የምትባለው ቀለበት

ማክሰኞ

የደረሰኝ ርዕስ “የኮምፒውተር ቃላት ከየት መጡ” የሚል ነው። ሃያ ደቂቃ ብቻ! ዓርብ ሦስት ፈታኞች ፊት አስተምራለሁ። ከወደዱልኝ ኮሌጁ ቋሚ መምህር ያደርገኛል፤ ካልወደዱልኝ ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ ያበቃል። ሰልጣኞቼ ቃላቱን እንደ ዳዊት ይደግማሉ። ለምን እንዲህ እንደተባሉ ግን አያውቁም። እውነቱን ለመናገር እኔም አላውቅም ነበር።

ዛሬ ያነበብኩት፦

ፓች (የፕሮግራም ስህተት ማረሚያ)፦ ድሮ ፕሮግራም የሚጻፈው ወረቀት በመብሳት ነበር። ያለቦታዋ የተበሳችን ቀዳዳ ቁራጭ ወረቀት ለጥፈው ይደፍኗታል። ስሙ ከዚያች ቁራጭ መጣ።

ኮር፦ የድሮ ማህደረ ትውስታ ኮር ከሚባሉ፣ ከምስር ፍሬ ያነሱ የማግኔት ቀለበቶች የተሠራ ነበር። በየቀለበቷ መሐል ሽቦ የሚያሳልፉት ሴቶች ነበሩ፤ በእጃቸው! ቀለበቶቹ ከቀሩ ስንት ዘመናቸው። ፕሮግራም ሲወድቅ የሚተፋውን የማህደረ ትውስታ ግልባጭ ግን ዛሬም ኮር ዳምፕ እንለዋለን። እንዴት ያሉ ሴቶች ናቸው!

ረቡዕ

ለዓርብ ማሳያ የሚሆን ኮር ልሠራ ከሽሮ ሜዳ ጨሌ ገዛሁ፣ ከተበላሸ ሬዲዮ ቀጭን ሽቦ ፈታሁ። በእንጨት ሰሌዳ ላይ ስምንት በስምንት፣ ስልሳ አራት ጨሌ። አንድ ሽቦ በቁመት፣ አንድ በአግድም፣ ሦስተኛው ሁሉንም ያዳርሳል። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አለቀ!

አባባ ከሽመና ጉድጓዳቸው ወጥተው በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት።

“ልጄ፣ እዚህ ጋ አንዷን ዘለሻታል።”

መነጽር እንኳ አላደረጉም። እውነትም ሦስተኛው ሽቦ አንዷን ጨሌ በውጭ አልፏታል። አርባ ዓመት ድር የቆጠረ ጣት!

“በቃ፣ በሙጫ አስመስለዋለሁ። ማን ያየዋል?” አልኩ።

“የሚያውቅ ያየዋል። እኛ የሳተ ጥለት አንተውም፤ እንፈታለን።”

ተናድጄ ወጣሁ።

ሐሙስ

ፈታሁት። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው እንደገና ሠራነው፤ አንድ ሰዓት አልፈጀም። ስለ ሴቶቹ ነገርኳቸው። “ስማቸው ማን ነበር?” አሉ። አላውቅም። ያነበብኩት ላይ የቀለበቷ ስም እንጂ የእነሱ የለም።

አንድ ነገር ልጻፍ፣ ሌላ አንባቢ የለኝ። ከሁለተኛ ደረጃ ጀምሮ በየፎርሙ የአባት ሥራ የሚለው ላይ “ነጋዴ” እያልኩ ነው የሞላሁት። ሸማኔ ሲባል የሚሳቀውን ሳቅ ስለማውቀው። ለኮሌጁም እንደዚያው። ዛሬ ጣታቸውን ሳይ በራሴ አፈርኩ።

ዓርብ

ሰሌዳውን ይዤ ገባሁና ስለ ፓች እየተቻኮልኩ አወራሁ። ኮር ላይ ስደርስ ረጋ አልኩ። የፈታኞቹ ሰብሳቢ ሰሌዳውን ተቀብለው ሽቦውን አንድ በአንድ ተከተሉት፤ ያቺ መጀመሪያ የዘለልኳት ጨሌ ጋ ሲደርሱ አፍጥጬ አየሁ። አለፉ።

“ማን ሠራው?”

“እኔና አባቴ።”

“ኢንጂነር ናቸው?”

“ሸማኔ ናቸው። እ... ማለቴ፣ ፎርሜ ላይ ነጋዴ ያልኩት ውሸት ነው።”

ከፈታኞቹ አንዷ የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው።

ቅዳሜ

ከኮሌጁ ተደወለ! ውጤት አይደለም። ሰኞ በሰልጣኞቹ ፊት እንድደግመው፣ ከተቻለም አባቴን ይዤ እንድመጣ ነው። ከዚያ ይወስናሉ።

አባባ “ሰኞ የሥራ ቀን ነው። ደግሞ እኔ ስለ ኮምፒውተር ምን አውቃለሁ?” ብለው ወደ ጉድጓዳቸው ወረዱ። አልለመንኳቸውም። ለዓመታት የደበቅኳቸውን ሰው በምን አፌ?

እሑድ

ከቁስቋም ስመለስ አባባ ፀጉራቸውን ተስተካክለው አገኘኋቸው።

“እነዚያን ሴቶች ልጆቹ ያውቋቸዋል?”

“አያውቋቸውም።”

“እንግዲያው እንንገራቸዋ።”

ሥራው ይጽናልኝ አይጽናልኝ አላውቅም። ነገ ግን ክፍል ሙሉ ሰው ፊት “አባቴ ናቸው” እላለሁ።