የተሰነጠቁት ሸክላዎች

ወዳጄ ሙሉሰው፣

ጎንደር መጥቼ መቀመጫ አጣሁልህ፤ ቆሜ ነው የምጽፈው። በወንድሜ ልጅ በሟቹ በቢያዝን ቤት ወንበሩን ሁሉ ሸክላ ይዞታል፤ ያውም የተሰነጠቀ። አንተ እዚያ ዛሪማ ቤትህ ዶሮ የምታጠጣበትን፣ እሱ ሥነ ጥበብ ነው ብሎ ሰበሰበው። የማርኬቲንግ ፕሮፌሰር ሆኖ ሠላሳ ዓመት መሸጥን ሲያስተምር ኖሮ፣ አንዲት እንኳ አልሸጠም። «ደህናውንማ ገበያው ይወስደዋል፤ ይኼንን ማን ያነሣዋል?» ይለኝ ነበር። እኔም እስቅበት ነበር።

ሸክላዎቹን የሠራችው የወለቃዋ የትነበርሽ መሞቱን አልሰማችም። ንገራት ተብዬ ይኸው ሦስት ቀን ነገ ነገ እላለሁ፤ ለቀልድ ሰንፎ የማያውቀው አፌ ተሳሰረ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ ልጆቹንም ሳምልኝ።

በሩ ተንኳኳ። የሴት ድምፅ ነው፤

«ፕሮፌሰር፣ ዛሬስ ሸጋ ስንጥቅ ይዤልዎት መጣሁ።»