ወፎቹ በሌሉበት ወቅት እንድንመጣ ስለተደረገልን ጥሪ

ይድረስ ለተከበሩ የረግረጉ ወፎች መጠለያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን እንደሰነበተ እጠይቃለሁ፤ በተለይም ዐይንዎ። ምክንያቱን ወደ ታች ሲወርዱ ያገኙታል።

እኔ የጥልፍ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። እናቴ አርባ ዓመት ሙሉ በቤታችን የፊት ክፍል መስኮት ሥር ተቀምጣ ለሙሽሮች የትራስ ልብስ ስትጠልፍ ኖራለች፤ በየትራሱ ጥግ ላይም ረጅም እግር ያላት ነጭ ወፍ አለች። ወፏን ያገኘቻት ከአንድ አሮጌ የግድግዳ ካላንደር ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ወፏ እስከ ሆዷ ውሃ ውስጥ ስለቆመች እግሯን እናቴ ከራሷ አመጣችው። ጉልበቷንም እንደ እኔና እንደ እርስዎ ወደ ፊት አጥፋ ጠለፈችው። ይሁንና “ይሄ ጉልበት ግን ልክ ነው?” እያለች ሳትጠይቀን ያለፈ ዓመት የለም። አምና ሐኪሟ ዐይኗ ብዙ እንደማይቆይ ሲነግራት ትንሽ አለቀሰች፤ ከዚያ ዕንባዋን ጠርጋ፣ ብርሃኗ ሳይጠፋ ወፏን በቁሟ ማየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል ላቅርብ።

አንደኛ፦ ክረምቱ እንደወጣ፣ ረግረጉ ሞልቶ ወፎቹ በሺህ በወረዱበት ሰሞን ስልክ ደውዬ ነበር። ስልኩን ያነሡት ባልደረባዎ መጠለያው በዚያ ጊዜ ዝግ እንደሆነና “ትክክለኛው የጉብኝት ወቅት” ከአራት ወር በኋላ እንደሚጀምር በትሕትና ገለጹልኝ። የእናቴን ዐይን ነገር ባነሣባቸው፣ “ወፎቹ የትም አይሄዱም፣ ይረጋጉ” አሉኝ። ባሕር አቋርጠው ስለሚመጡና መልሰው ስለሚሄዱ ወፎች ይህን የመሰለ እምነት ያለው ሠራተኛ በማግኘትዎ እንኳን ደስ አለዎት።

ሁለተኛ፦ አራት ወር ጠብቀን በተባልነው ቀን መጣን። እውነቱን ለመናገር በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ መንገዱም ተጠርጎ ነበር የጠበቀን። ጭቃ የለ፣ ትንኝ የለ፣ ጫጫታ የለ፣ ውሃም የለ። በተሰነጣጠቀው መሬት ላይ አንድ ቁራ ነበር፤ እርሱም ከማዶ ካለው የቆሻሻ ገንዳ አረፍ ሊል መጥቶ እንጂ የእናንተ እንግዳ አይመስለኝም። አስጎብኚው ግን ሥራውን አልበደለም፤ ባዶውን ሜዳ በጣቱ እያመለከተ የትኛው ወፍ የት እንደሚቆም አንድ ሰዓት ሙሉ አብራራልን። እናቴ ዐይኗ ጭራሽ የከዳት መስሏት ለእያንዳንዱ ወፍ ራሷን ስትነቀንቅ ቆየች። ስንወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ “ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አላየሁም፤ እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል” አለችኝ። ክቡርነትዎ፣ እዚህ ላይ ትሕትናዬ ሊያልቅብኝ ስለሆነ ወደ ሦስተኛው ልለፍ።

ሦስተኛ፦ ወቅቱ እንዴት እንደተመረጠ ለማወቅ ጓጉቼ የበሩን ዘበኛ ጠየቅኋቸው። ቀደም ሲል መጠለያው ወፎቹ ባሉበት ጊዜ ይከፈት እንደነበር፣ ጎብኚዎች ግን በአስተያየት መዝገቡ ላይ ስለ ጭቃው፣ ስለ ትንኙ፣ ስለ ወፎቹ ጩኸትና ከላይ ስለሚጥሉት ነገር ደጋግመው በመጻፋቸው፣ ክቡርነትዎ ኮሚቴ አቋቁመው ቅሬታዎቹ በሙሉ የማይኖሩበትን ወቅት እንዳስጠኑ አጫወቱኝ። ኮሚቴውም ወቅቱን አገኘው። ከዚያ ወዲህ አንድም ቅሬታ ባለመጻፉ የተሰጠዎት የምስጋና ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ከወንበርዎ በላይ እንደተሰቀለ ሰምቻለሁ። ሲያንስዎት ነው።

አራተኛ የለኝም። እናቴ ከጉብኝታችን በኋላ ወር ሳይሞላ ማየት አቆመች። አሁን የቀራትን ትራስ እየዳበሰች ትውልና የወፏ እግር ላይ ስትደርስ ጣቷ ይቆማል። ተናድጃለሁ፣ ክቡርነትዎ፤ ይህን በጨዋ ቃል ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደድኩ እኔ ነኝ የማውቀው።

ስለዚህ የምለምንዎ፣ በሚቀጥለው ኮሚቴ ውስጥ አንድ ወንበር ስለ ወፍ ለሚያውቅ ሰው፣ እርሱ ካልተገኘም ለአንድ ወፍ እንዲሰጥልን ነው።

ረጅም ዕድሜ፣ ጭቃ ያልነካው ጫማና ጸጥ ያለ ቢሮ እየተመኘሁልዎ፣ ጊዜዎን ስለሰጡኝ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

የጥልፍ ሠራተኛዋ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ወፎቹ ተመልሰዋል። በሩ እንደ ደንቡ ዝግ ስለሆነ ከአጥሩ ውጪ ቆሜ አየኋቸው። ጉልበታቸው የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ጠየቀችኝ፤ እኔም “ልክ አንቺ እንደጠለፍሽው ነው” አልኳት፤ ደስታዋን ቢያዩት። ምናልባት ለማረጋገጥ ወደ ቢሮዎ ትደውል ይሆናልና፣ ስልኩን የሚያነሡት ባልደረባዎ ይህንኑ ቢነግሩልኝ ውለታዎን አልረሳም፤ ያላዩትን ነገር በእርግጠኝነት መናገር ያውቁበታል።