ለሚፈርስ ዳስ ወለል ማን ይጠርጋል?

ጥር 2 ቀን 2002

መብራት ጠዋት ሄዶ ከሰዓት መጣ። የጋሽ ዓለምነው ኮምፒውተር ማሰልጠኛ ገባሁ። የመናኸሪያውን የቲኬት ፕሮግራም ጨርሻለሁ። ይከፈታል፣ የአንድ ተሳፋሪ ቲኬት ያትማል፣ ይዘጋል። በቃ። የመናኸሪያው ሰዎች ከወደዱት የሁለተኛው ቲኬት መቁረጫ መስኮት ወንበር የኔ ነው። ካልወደዱት... እማዬ ደብረ ኤልያስ አክስቴ ጋ ጠላ ልታስጠምቀኝ ነው። ከዘጠነኛ ክፍል ላቋረጠች ሌላ ምን አለ?

ጋሽ ዓለምነው አየውና፣ "መቅደላዊት፣ የያዝሽውን ሜሞሪ ሳትለቂ ትዘጊያለሽ?"

"ሲዘጋ ኮምፒውተሩ ራሱ ይለቀዋል እኮ ጋሼ።"

"የያዝሽውን መልቀቅ ያንቺ ሥራ ነው!"

"ሰርግ አልቆ ሊፈርስ ያለ ዳስ፣ እርስዎ ወለሉን ይጠርጋሉ?"

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። "ከትምህርት ቤት ያስወጣሽ ይሄ ምላስሽ ነው" አለ። እውነት ነው። ቢሆንም...

ፊት ለፊት "እርስዎ" እለዋለሁ። እዚህ ደብተሬ ላይ ማን ያየኛል?

ጥር 7

ወደዱት! የአንደኛው መስኮት እትዬ ያለምወርቅ ብቻ፣ "ለሰው ሁሉ መክፈት መዝጋት እጄን ገደለኝ። ጠዋት ተከፍቶ ማታ ይዘጋ" አሉ። ትንሽ ነካ ነካ አደረግኩት፣ አለቀ።

ጋሽ ዓለምነው፣ "አሁንስ አትለቂም?"

"ማታ ሲዘጋ!"

ምን ያዘው? ይሄ ሰውዬ ሲሞትም ሳጥኑን ጠርጎ ነው የሚገባበት።

ጥር 13

ጉድ። የጥምቀት እንግዳ ሁሉ ሊመለስ ተሰልፏል። ረፋዱ ላይ ፕሮግራሙ አዘገመ። ከዚያ ቀጥ። ለየተሳፋሪው ሜሞሪ ሲይዝ፣ ሲይዝ... የኮምፒውተሩ ቦታ ሞላ። ሳይዘጋ መቼ ይልቀቅ?

"የደምበጫው መኪና ሊወጣ ነው፣ ኧረ ቁረጪ!"

አባ ወልደ ሩፋኤል ከሰልፉ ወጥተው፣ "ልጄ፣ ጠበል ልርጭበት?"

"አባ፣ ይቃጠላል!"

እትዬ ያለምወርቅ የእጅ ቲኬታቸውን ከመሳቢያ መዘዙ። "ነገ ካልሠራ በቃሽ።"

ጋሽ ዓለምነው በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ "ዳሱ አልፈረሰም እንዴ? ስንተኛው ሰርግ ነው?"

ኪቦርዱን ልወረውርበት ነበር።

ጥር 14

ከእያንዳንዱ ቲኬት በኋላ እንዲለቅ አደረግኩት። ቀኑን ሙሉ አንዴም ቀጥ አላለም። ሰውዬው ሻይ አዘዘልኝ። ዕርቅ መሆኑ ነው? ጠጣሁት።

ጥር 22

ወንበሩ የኔ ሆነ! አመሻሽ ላይ ልዘጋ ስል ሰውዬው ከኋላዬ።

"ጠዋት ፕሮግራሙ ሲከፈት የሚጭነውን የከተሞች ዝርዝርስ? ሳትለቂው?"

"እሱማ ከዳሱ ጋር ይፈርሳል፣ ጋሼ።" ጠቅ። ዘጋሁት። እየተነጫነጨ ወጣ።

ለሚፈርስ ዳስ አሁንም አልጠርግም! ብቻ... እትዬ ያለምወርቅ ደግሞ ነገ "ማታም አይዘጋ፣ ጠዋት ጠዋት ዝርዝሩን ብቻ ያድስ" ቢሉስ?

ተመልሼ ከፈትኩት። አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ዝርዝሩንም ይለቃል።

ሰውዬው እንዳይሰማ።